ገዳይና ተጋዳይ፤ የጽርእ ጠቢባን ስለ ጀግንነት ያስተማሩትና ለይፋት ቆላ የሚሰጠው ትምህርት

ሕዝብ ሁሉ ጀግና ብሎ የሚያከብረው ሰው አለው፤ ሕፃናቱም የሚያድጉት ያን ሰው ለመምሰል እየተመኙ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ማንን ጀግና ብሎ እንደሚጠራ መመርመር የወሬና የጨዋታ ጉዳይ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው። ጀግና የሚባለው ገዳይ ከሆነ ልጆች ገዳይ ለመሆን ይመኛሉ፤ ጀግና የሚባለው ታጋሽና እውነተኛ ሰው ከሆነ ግን ትዕግሥትንና እውነትን ይመኛሉ። ካህንም የሕዝብ አባትና መምህር እንደ መሆኑ መጠን ይህን ነገር ቸል ሊለው አይገባውም።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የጥንት የጽርእ ማለት የግሪክ ባለ ቅኔዎችና ፈላስፎች ስለ ጀግንነትና ስለ በጎ ምግባር ያስተማሩትን ባጭሩ ገልጠን፥ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ትምህርት የተቀበለችውንና ያረመችውን ለይተን፥ በመጨረሻም ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ካህናትና ምእመናን እንዴት እንደሚጠቅም ለማሳየት አስበናል።

የይፋት ቆላና የጀግንነት ስም

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፥ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ወርዶ ወደ ይፋት ቆላ ይገባል። በዚሁ መንገድ ላይ፥ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ሸዋ ሮቢት ትገኛለች። ከበስተ ምዕራብ የሸዋ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ እየረገበ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ገበሬው ማሽላና ጤፍ፥ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል። በገበያው አማራውና አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙም ሲገዛና ሲሸጥ፥ ሲዋስና ሲያበድር ብዙ ዘመን ኖሯል።

ይሁን እንጂ ይህ አገር የደጋና የቆላ፥ የነገሥታትና የሱልጣኖች ወሰን ስለ ነበረ ብዙ ደም ፈሶበታል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ወገኖች የይፋትን ሱልጣንነት አቋቋሙ፤ በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን በይፋትና ከይፋት ወዲያ ባሉት አገሮች ላይ ያደረጉት ዘመቻ በግእዝ ተጽፎ እስካሁን ይነበባል። በ1523 ዓ.ም. ደግሞ በኢማም አሕመድ ዘመን ከይፋት በላይ በአንጾኪያ ታላቅ ውጊያ ሆኗል። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው በእኛም ዘመን በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ የከተማዋም ቤት በብዛት ተቃጥሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ልጁን ያልቀበረ፥ ቤቱን ያላጣ፥ ወይም ወንድሙን የገደለውን ሰው ስም በልቡ ያልያዘ ሰው በዚያ አገር ጥቂት ነው።

እንዲህ ባለው አገር ሰው ጀግንነትን ከመሣሪያ ጋር አያይዞ ማየቱ አያስደንቅም። ወሰኑን የጠበቀ፥ ሕፃናትንና ሽማግሎችን ከሞት ያዳነ ሰው ክብር እንደሚገባው እኛም አንክድም። ነገር ግን የጀግና ስም ከወሰን ጠባቂው ላይ ተነሥቶ በደም መላሹ ላይ ሲደረብ፥ ከዚያም አልፎ ምንም ያልበደለውን መንገደኛ በወገኑ ምክንያት በገደለው ላይ ሲደረብ፥ ያን ጊዜ ስሙ ተሰርቋል ማለት ነው። የተሰረቀውን ስም ለባለቤቱ መመለስ የመምህራን ሥራ ነው። ለዚህም ሥራ የጽርእ ጠቢባን ይረዱናል፤ እነርሱም በበቀል በታመሰ አገር ተወልደው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀዋልና።

የውጭ ጥበብ በቤተ ክርስቲያን

አንዳንድ ሰዎች የአረማውያንን መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ማንሣት ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። መልሱ ከአባቶች ዘንድ ይገኛል። የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ፥ ቅዳሴውን የምንቀድሰው ያ ታላቅ አባት፥ ከባልንጀራው ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር በአቴና ተምሯል። በኋላም ወጣቶች ከጽርእ መጻሕፍት እንዴት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ድርሳን ጽፏል። በዚያም ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል እንደማትሄድ፥ ከሄደችበትም አበባ ሁሉን ይዛ እንደማትመለስ፥ ለሥራዋ የሚሆነውን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው አመልክቶ፥ ተማሪም እንዲሁ እንዲያደርግ ያስተምራል።

በአገራችንም ቢሆን ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ከ1502 እስከ 1514 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት መካከል ነው። በዚህ መጽሐፍ የሶቅራጥስ፥ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም እየተጠራ ብዙ ምክር ይገኛል። ዘመኑ የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እንደ ነበረ እናስተውል። በወሰን ላይ ጦር በሚሳልበት ጊዜ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቀለም በጥብጦ የጠቢባንን ምክር ለወገኖቹ ያስተላልፍ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ከ81 ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ጥበብ በምዕራፍ 8 ቍጥር 7 ጽድቅን ለሚወድ ሰው ጥበብ አራት ነገሮችን እንደምታስተምረው ይናገራል፤ እነርሱም ራስን መግዛት፥ ማስተዋል፥ ፍትሕና ብርታት ናቸው። እነዚህ አራቱ አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ከቈጠራቸው ከአራቱ ትሩፋት ጋር አንድ ናቸው። ጽርኣውያን እንዲህ ያለውን በጎነት «አሬቴ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ብልጫ፥ ለተፈጠሩለት ነገር ፍጹም ሆኖ መገኘት ማለት ነው። የእኛም አባቶች በጎ ምግባርን «ትሩፋት» ሲሉት ከሌላው ተርፎና በልጦ መገኘትን ያመለክታል። እንግዲህ በዚህ ረገድ ሁለቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ። ብልጫው በምንድር ነው? በመግደል ነው ወይስ በሌላ ነገር? ክርክሩ ይህ ነው።

የአኪሌስ ቍጣ

ከጽርእ ባለ ቅኔዎች ሁሉ አባት የሚባለው ሆሜር ነው። ኢልያዳ የሚባለው ትልቁ መጽሐፉ ስለ ትሮያ ጦርነት ይናገራል፤ ነገሩን የሚጀምረው ግን ስለ ድል ሳይሆን ስለ ቍጣ በመናገር ነው። አኪሌስ ከጽርእ ጦረኞች ሁሉ የበለጠ ኀይለኛ ነበር። ሁለት ዕጣ ቀርቦለታል፤ ወደ አገሩ ቢመለስ ረጅም ዕድሜና ስም የሌለው ኑሮ፥ በጦር ሜዳ ቢቈይ አጭር ዕድሜና የማይሞት ስም። ነገር ግን የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን ክብሩን ስለ ነካው ተቈጥቶ ከጦርነቱ ተለየ፤ በዚህም ምክንያት ወገኖቹ አለቁ። የሚወደው ባልንጀራው ጳጥሮክሎስ በሄክቶር እጅ በሞተ ጊዜ ቍጣው ወደ ጠላት ዞረ። ሄክቶርን ገደለው፤ በመግደልም አልረካም፤ ሬሳውን በሠረገላው ኋላ አስሮ ጎተተው።

መጽሐፉ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ የደም መላሽ መወድስ ይሆን ነበር። ነገር ግን በዚህ አልተፈጸመም። የሄክቶር አባት ሽማግሌው ንጉሥ ፕርያሞስ በሌሊት ወደ ጠላቱ ድንኳን ገባ፤ ተንበርክኮም ልጆቹን የገደሉትን እጆች ሳመ። አኪሌስንም በአገሩ የቀረውን ሽማግሌ አባቱን እንዲያስብ ለመነው። ያን ጊዜ አኪሌስ አለቀሰ፤ ፕርያሞስም አለቀሰ፤ አንዱ ስለ ልጁ፥ ሁለተኛው ስለ አባቱና ስለ ባልንጀራው። ከዚያ በኋላ አኪሌስ ሬሳውን አሳጥቦና ገንዞ ሰጠው፤ አብረው እንጀራ በሉ፤ ለልቅሶና ለቀብርም 11 ቀን ጦርነት እንዲቆም ቃል ገባለት። የኢልያዳ መጨረሻ የትሮያ መቃጠል አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀብር ነው።

በይፋት ቆላ ደም በተቃቡ ቤተ ሰቦች መካከል ዕርቅ ሲደረግ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሳይቸገር ያስተውለዋል። በእኛ አገር ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ፥ ካህናትና ሽማግሎች ቀድመውለት፥ በተበዳይ ፊት የሚወድቀው የገዳይ ወገን ነው። በሆሜር ታሪክ ግን የወደቀው የሟች አባት ነው። ከሁለቱ ሰዎች ማን ጀግና ነበር ብለን ብንጠይቅ፥ በሜዳ ሄክቶርን ያሸነፈው አኪሌስ ነው ይባላል፤ በድንኳኑ ውስጥ ግን አኪሌስን ያሸነፈው መሣሪያ ያልያዘው ሽማግሌ ነው። አኪሌስም ራሱ ከዚያ ሌሊት በፊት ሰውን እንጂ ቍጣውን አሸንፎ አያውቅም ነበር።

ኦዲሴያ በሚባለው በሁለተኛው መጽሐፍ ሆሜር ይህንኑ ነገር አጽንቶ ይናገራል። አኪሌስ በሙታን አገር ተገኝቶ ሲናገር፥ በሙታን ሁሉ ላይ ከመንገሥ ይልቅ በምድር ላይ ለድኻ ገበሬ ተቀጥሮ ማረስን እንደሚመርጥ ይገልጣል። ስለ ስም ብሎ ዕድሜውን የሸጠው ሰው ስሙ እንዳላጠገበው መሰከረ ማለት ነው። የዚሁ መጽሐፍ መጨረሻም የሚያስደንቅ ነው። ኦዲሴዎስ ቤቱን የደፈሩትን ሰዎች ከገደለ በኋላ የሟቾች ወገኖች ደም ለመመለስ መሣሪያ ይዘው ወጡ፤ ውጊያው ተጀምሮ ሳለ በመሐላ ዕርቅ እንዲሆን ተደረገ። እንግዲህ ሁለቱ ታላላቅ የጦርነት መጻሕፍት የሚፈጸሙት አንዱ በቀብር፥ አንዱ በዕርቅ ነው። ፉከራውን ብቻ ሰምቶ መጨረሻውን ሳይሰማ የሚሄድ ሰው ግን ሆሜርን አልሰማም።

ከደም መመለስ ወደ ዳኝነት

ከሆሜር በኋላ የመጣው ኤስኪሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት በአቴና ሦስት ተከታታይ ተውኔቶችን አሳየ። ነገሩ ስለ አንድ ቤተ ሰብ ነው። አጋሜምኖን ልጁን ሠዋ፤ ሚስቱ ስለ ልጅዋ ደም ባልዋን ገደለች፤ ልጁ ኦሬስቴስ ስለ አባቱ ደም እናቱን ገደለ፤ የደም ተበቃዮች የሚባሉት መናፍስትም ኦሬስቴስን ያሳድዱት ጀመር። እያንዳንዱ ገዳይ ፍትሕ አደረግሁ ይላል፤ እያንዳንዱ ፍትሕም አዲስ በደል ይወልዳል። ደም ደምን እየጠራ መጨረሻ እንደሌለው ኤስኪሎስ በዚህ አሳየ። መጨረሻ የተገኘው ነገሩ ከተበዳዩ እጅ ወጥቶ በአርዮስፋጎስ ኮረብታ ላይ ለተቀመጡ ዳኞች በተሰጠ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ተበቃዮቹ መናፍስት ከከተማው አልተባረሩም፤ ቍጣቸውን ትተው የአገሩ ጠባቂዎች እንዲሆኑ ተለመኑ፤ እሺም አሉ።

አርዮስፋጎስ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እንደምናነበው ቅዱስ ጳውሎስ ከኤፊቆሮስ ወገንና ከኢስጦኢኮች ፈላስፎች ጋር ከተነጋገረ በኋላ ወደዚያው ስፍራ ተወሰደ። በዚያም እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ፥ ዓለሙንም በጽድቅ የሚፈርድበትን ቀን እንደ ወሰነ አስተማረ። ሰው የሰውን ደም ለዳኛ እንዲተው በተማረበት ኮረብታ ላይ ዳኛውም ራሱ የሚቆምበት ፍርድ ተሰበከ። የአርዮስፋጎስ ፈራጅ የነበረው ዲዮናስዮስም አመነ።

የሶቅራጥስ ብርታት

ኤስኪሎስ የአገርን ሥርዐት እንደ መረመረ ሶቅራጥስ የሰውን ልብ መረመረ። ሶቅራጥስ ጦርን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ በፖቲዳያና በዴልዮን ዘምቶ በብርታቱ ተመስክሮለታል። ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን እንደ ጻፈው ላኬስ የተባለውን የጦር አለቃ ብርታት ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ላኬስም ነገሩ ቀላል መስሎት በሰልፍ ጸንቶ ቆሞ አለመሸሽ ነው አለ። ሶቅራጥስ ግን ጥያቄውን አሰፋበት፤ በባሕር ማዕበል፥ በሕመም፥ በድኽነት፥ ከሁሉም በላይ ከገዛ ምኞት ጋር በሚደረግ ትግል ብርታት የለምን? ጽርኣውያን ብርታትን የሚጠሩበት ቃል እንደ አማርኛው «ወንድነት» ከወንድ ስም የወጣ ነው። ሶቅራጥስ ግን ብርታትን ከሥጋ ኀይል አውጥቶ ወደ ነፍስ አገባው።

ያስተማረውንም በሥራ አሳየ። ሠላሳዎቹ ጨካኞች አቴናን በገዙበት ጊዜ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሄዶ ሌዎን የተባለውን ንጹሕ ሰው ለሞት ይዞ እንዲያመጣ አዘዙት። አራቱ ሄዱ፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን ሲያደርግ ሞት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። በመጨረሻም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በግፍ ተፈርዶበት በወኅኒ ሳለ ወዳጁ ክሪቶን ሊያስመልጠው መጣ። ሶቅራጥስ ግን በደልን በበደል መመለስ ከቶ እንደማይገባ አስረድቶ እንቢ አለ፤ መርዙንም ጠጥቶ ሞተ። መበደል ከመበደል ይሻላልን ተብሎ ቢጠየቅ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እርሱ ግን በሌላው መበደል ሥጋን እንደሚጎዳ፥ ሌላውን መበደል ግን የበዳዩን ነፍስ እንደሚያበላሽ ያስተምር ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስም ከላይ ባነሣነው ድርሳኑ ስለዚሁ ሰው አንድ ታሪክ ይነግረናል። አንድ ሰካራም ፊቱ እስኪያብጥ ድረስ ሶቅራጥስን ደበደበው፤ ሶቅራጥስ እጁን አላነሣም፤ ሐውልት የሚቀርጽ ሰው ስሙን በሥራው ላይ እንደሚጽፍ እርሱም በግንባሩ ላይ የደብዳቢውን ስም ጻፈ፤ በቀሉ ይኸው ብቻ ነበር። ደግሞም አንድ ሰው የሜጋራውን ኤውክሊድስን ሊገድለው በማለ ጊዜ ኤውክሊድስ ሊያስታርቀውና ቍጣውን ሊያስተወው እንደ ማለ ይናገራል። ባስልዮስ ይህን ያነሣው አረማዊ ይህን ያህል ከታገሠ ክርስቲያን እንዴት ያንሳል ለማለት ነው።

ብርታት የሚመስሉ አምስት ነገሮች

የአፍላጦን ደቀ መዝሙር አርስጣጣሊስ ብርታት በፍርሀትና በዐጓጉል ድፍረት መካከል የሚገኝ መካከለኛ መንገድ ነው ይላል። ሰው ቤት እየሠራ ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ የብርታትን ሥራ እየሠራ ብርቱ ይሆናል። ሞትን የሚታገሥም ነገሩ መልካም ስለ ሆነ ነው እንጂ ስለ ሌላ ምክንያት አይደለም። ከዚህም አያይዞ ብርታት የሚመስሉ፥ ነገር ግን ብርታት ያልሆኑ አምስት ነገሮችን ይቈጥራል። ለይፋት ቆላ ወጣቶች ከዚህ የሚበልጥ መመርመሪያ ከፈላስፎች ዘንድ አናገኝምና አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ፥ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መዋጋት። ደሙን ካልመለሰ ወንድ አይደለህም የሚባለው ወጣት የሚሄደው ወገኑን ፈርቶ ነው። ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ለብርታት እንደሚቀርብ አርስጣጣሊስ ይመሰክራል፤ ቢሆንም ስድብን የሚፈራ ሰው ነጻ ሰው አይደለም።

2ኛ፥ የጦር ልምድ። መሣሪያ የለመደ ሰው ኀይሉ ከጠላት የሚበልጥ ሲመስለው ይጸናል፤ የሚያንስ ሲመስለው ቀድሞ ይሸሻል።

3ኛ፥ ቍጣ። የቈሰለ አውሬ ወደ ወጋው ሰው ይሮጣል፤ ጀግና ነው የሚለው ግን የለም። በቍጣ የገደለም ሰው ከዚህ አይለይም።

4ኛ፥ በድል ላይ ድል ያገኘ ሰው መተማመን። ይህ የሰካራምን ድፍረት ይመስላል፤ ያላሰበው ነገር ሲገጥመው ይጠፋል።

5ኛ፥ አለማወቅ። አደጋውን ያላየ ሰው በአደጋው ፊት ቢስቅ አያስመሰግነውም። በሐሰት ወሬ ተነሣሥቶ ወደ ጎረቤቱ መንደር የሚሮጥ ወጣት ከዚህ ወገን ነው።

እነዚህ አምስቱ ከተነሡ በኋላ የሚቀረው ብርታት ጥቂት መስሎ ይታይ ይሆናል። እውነተኛው ግን እርሱ ነው።

የጠቢባን ጉድለትና የወንጌል ፍጻሜ

የጽርእ ጠቢባን እስከዚህ ድረስ ደርሰዋል፤ ከዚህ በላይ ግን አልወጡም። አርስጣጣሊስ በተፈጥሮ ባሪያ የሆነ ሰው አለ ብሎ ጽፏል፤ ፍጹም የሆነውን ሰውም ታላቅ ክብር እንደሚገባው የሚያውቅና ያን ክብር የሚፈልግ አድርጎ ሥሎታል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ትሕትና ቦታ የላትም። ጌታችን ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ አሳልፎ የሚሰጠውንም ሰው እግር አልዘለለም። በመስቀል ላይም ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረትን ለመነ። ፕርያሞስ የገዳዩን እጅ የሳመው የልጁን ሬሳ ለመቀበል ነበር፤ ጌታችን ግን ገዳዮቹን የወደደው እነርሱን ራሳቸውን ለማዳን ነው።

ደግሞም ጠቢባኑ በጎውን ነገር አሳዩ እንጂ ኀይሉን መስጠት አልቻሉም። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 1 ጽርኣውያን «አሬቴ» የሚሉትን በጎነት በስሙ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ብቻውን አያቆመውም። ከበፊቱ እምነትን ያስቀድምለታል፤ ከኋላው ደግሞ ዕውቀትን፥ ራስን መግዛትን፥ መጽናትን፥ እግዚአብሔርን መምሰልንና ወንድማዊ መዋደድን አስከትሎ በፍቅር ይደመድመዋል። መሠረቱ እምነት፥ ጕልላቱ ፍቅር የሆነ ቤት ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የተነሣ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ጀግኖች የምትጠራበት ስም አላት። የቅዱሳንን ታሪክ «ገድል» ትለዋለች፤ ባለ ገድሉንም «ተጋዳይ» ትለዋለች። እናስተውል፤ «ገዳይ» እና «ተጋዳይ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አንዱ በሰው ላይ ይነሣል፤ ሌላው ከራሱ ኀጢአትና ከሰይጣን ጋር ይታገላል። አንዱ የሌላውን ደም ያፈስሳል፤ ሌላው የራሱን ደም ለማፍሰስ የተዘጋጀ ነው። ለገዳይ የሚሸልሉለት ከሚያውቁት ሰዎች ጥቂቶቹ ናቸው፤ የተጋዳይ ስም ግን በቤተ ክርስቲያን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነበባል። በዚህም ስም ወንድና ሴት አይለይም፤ ቅድስት አርሴማ ሰይፍ ሳትይዝ ከነገሥታት በልጣለች።

ከሰማዕታቱ ሩቅ አይደለንም። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙና የፋሺስትን ግዛት እንዲቀበሉ ሲጠየቁ እንቢ በማለታቸው ነው። ሕይወታቸው በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሐሰት ቢናገሩ ይድኑ ነበር። ሶቅራጥስ ያላየውን ትንሣኤ ተስፋ አድርገው ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ሞት ሞቱ። በሚከተለው ዓመት በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ካለቁ በኋላ፥ ከዚያ የተወሰዱት 129 ወጣቶችና ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ ተገደሉ። ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚሄድ ሰው ወደ ይፋት ይወርዳል። የይፋት ልጆች የጀግና አብነት ከፈለጉ ከደጃቸው አለላቸው።

ለካህናትና ለምእመናን የሚሆን ምክር

ይህን ሁሉ የተናገርነው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላሉ አባቶችና ወንድሞች የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

የነፍስ አባት ደም የተቃባ ልጁን ጦም ጹም፥ ስገድ ብሎ ብቻ አይለፈው። በልቡ የያዘውን ስም ይጠይቀው፤ ያን ስም በጸሎቱ እንዲያነሣ ያስተምረው። ስሙን በጸሎት የሚያነሣውን ሰው በጥይት መፈለግ ይከብዳልና።

በልቅሶና በተዝካር ጊዜ ወገን ሁሉ ይሰበሰባል። ሙሾው ሟችን ከማልቀስ አልፎ በሕይወት ያለውን ወጣት ወደ በቀል የሚገፋ ሲሆን ካህኑ ዝም አይበል። ሟች የሚጠቀመው በጸሎትና በምጽዋት ነው፤ በሌላ ሬሳ አይጠቀምም። ሌላ ሬሳ ማለት ሌላ የምታለቅስ እናት ማለት ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ከላይ የቈጠርናቸውን አምስቱን ሐሰተኛ ብርታቶች ለወጣቶች ያስተምሩ። ወጣቱ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ የሚገፋኝ እፍረት ነውን? ቍጣ ነውን? ያላጣራሁት ወሬ ነውን? ከተማው በተነሣ ወሬ ከመቃጠሉ በፊት ወሬውን ለማጣራት ወደ ጎረቤቱ መንደር ባዶ እጁን የሚሄድ ሽማግሌ ከብዙ ታጣቂ ይበልጣል።

ነፍስ ያጠፋ ሰው የእኛ ወገን ነው ተብሎ ከዳኛ እንዳይሸሸግ ምእመናን ይጠንቀቁ። ዕርቅ ፍርድን አያፈርስም፤ ፍርድም ዕርቅን አይተካም። ዳኛ የበደለውን ይቀጣል፤ የተረፉትን ቤተ ሰቦች አፈላልጎ አንድ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ግን ሽማግሌና ካህን ነው። በወሎ በኩል አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች የሃይማኖት ልዩነት ሳያግዳቸው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። የእኛም ካህናት ከእስላም ሽማግሎች ጋር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ለመቀመጥ ቀዳሚዎች ይሁኑ እንጂ ተከታዮች አይሁኑ።

ቤቱንና ሕፃናቱን የሚጠብቀውን ሰው ግን አንነቅፈውም። አፍላጦን ጠባቂዎች ለወገኖቻቸው የዋሆች፥ ለጠላት ብርቱዎች እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ ወንጌል ደግሞ ጠላትም ቢሆን ሰው መሆኑን እንዳይረሱ ያዛቸዋል። እጁን ያልሰጠው ጦረኛና እጁን የሰጠው ምርኮኛ፥ መሣሪያ ያነሣውና ሽንኩርቱን ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው መንገደኛ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ጠባቂ አይባልም።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው ምዕራፍ 16 መንፈሱን የሚገዛ ሰው ከተማን ከሚይዝ ሰው እንደሚበልጥ ይናገራል። ከሆሜር እስከ አርስጣጣሊስ ያሉት የጽርእ ጠቢባን በብዙ ድካም ፈልገው የደረሱበት ደጃፍ ይኸው ነው። ወደ ውስጥ የሚያስገባን ግን በጉ ሆኖ የታረደው፥ አንበሳም ሆኖ ድል የነሣው ጌታችን ነው። በይፋት ቆላ ሕፃን ሲወለድ ለአባቱ ገዳይ ይሁንልህ ብሎ የሚመርቅ ሰው ቢኖር፥ ካህኑ ቃሉን ተቀብሎ ተጋዳይ ይሁንልህ ብሎ ያርምለት።

የሰማዕታት አምላክ ለአገራችን ሰላምን፥ ለተበደሉት መጽናናትን፥ ለበደሉት ንስሓን፥ ለሁላችንም ቍጣችንን የምናሸንፍበትን ብርታት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።